ማትሪኩላ ምንድን ነው? በውጭ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ፖላንዳውያንን ከመዝገብ ማግኘት

ማትሪኩላ ማለት አንድ ዩኒቨርሲቲ የተቀበላቸውን ተማሪዎች በገቡበት ቅደም ተከተል የጻፈበት ባሕር መዝገብ ነው። ዛሬ የሬጅስትራር ቢሮ የሚሠራውን ሥራ በድሮው አውሮፓ የዩኒቨርሲቲው የበላይ ኃላፊ፣ ማለትም ሬክተሩ ራሱ፣ ወይም ጸሐፊው በአንድ ወፍራም ጥራዝ ላይ ይሠራው ነበር። አዲስ መጪው ይቀርባል፣ ለሬክተሩ ሊታዘዝ ይምላል፣ መመዝገቢያውን ይከፍላል፣ ስሙ ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ ቢበደርም ቢጣላም ብዙውን ጊዜ የሚዳኘው በከተማው ዳኛ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው ችሎት ነበር። ለዚህ ጥቅም ሲሉ ብቻ የተመዘገቡ ሰዎች አሉ፤ የመኳንንት ልጆች ይዘዋቸው የመጡ አስተማሪዎችና አሽከሮችም በዚያው ገጽ ይገኛሉ። ስለዚህ ማትሪኩላ የሚመሰክረው ሰውዬው መጥቶ፣ ምሎ፣ ከፍሎ መመዝገቡን ነው። መማሩን አይነግረንም፤ መመረቁንማ ጭራሽ።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የፖላንድን ታሪክ ለሚያጠና ሰው የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች መዝገብ የሚያስፈልግበት ምክንያት ቀላል ነው፤ የአገር ቤቱ ወረቀት ብዙው ተቃጥሏል። በ1944 ከዋርሶው ሕዝባዊ አመፅ በኋላ ጀርመኖች የከተማዋን ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሆን ብለው አቃጥለዋል። በዚያ የጠፋው ሰው ስም በጣሊያን፣ በኢስቶኒያ ወይም በስዊዘርላንድ አንድ ገጽ ላይ በአንድ መስመር ተርፎ ሊሆን ይችላል።

አንዲት መስመር እስከምን ድረስ እንደምትናገር፣ የትስ ላይ ዝም እንደምትል ለማየት ከሥነ ፈለክ ሊቁ ከኒኮላስ ኮፐርኒከስ የተሻለ ምሳሌ የለም። በ1491 ክራኮቭ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መዝገቡ የጻፈው «ኒኮላውስ ኒኮላይ ዴ ቱሮኒያ» ብሎ ነው፤ ኒኮላስ፣ የኒኮላስ ልጅ፣ የቶሩን ከተማ ሰው። የቤተሰብ ስም የለውም። የራስን ስም ከአባት ስም ጋር መጻፍ ለእኛ የለመድነው ነገር ስለሆነ አያስቸግረንም፤ ኮፐርኒከስ የሚለውን ስም ብቻ ይዞ መረጃ ጠቋሚውን የሚያገላብጥ አውሮፓዊ ግን ሳያየው ያልፋል። ከስሙ ቀጥሎ «ሶልቪት ቶቱም» የሚል አለ፤ ሙሉውን ከፍሏል ማለት ነው። ከጎኑና ከጎኑ ያሉት ግማሽ የከፈሉ ወይም ምንም ያልከፈሉ ስለሚሆኑ ይህች ሁለት ቃል ስለ ቤተሰቡ አቅም ትንሽ ፍንጭ ትሰጣለች።

ከዚያ ወደ ቦሎኛ ሕግ ሊማር ሄደ። በጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪዎች «ናቲዮ» በሚባሉ የአገር ልጆች ማኅበሮች ተከፋፍለው ነበር። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱ ሹም፣ የራሱ ሣጥንና የራሱ መዝገብ ነበረው። በቦሎኛ የፖላንዶች ማኅበር እያለ ኮፐርኒከስ የተገኘው በጀርመኖቹ ማኅበር የ1496 የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ስሙ «ኮፐርሊንክ» ተብሎ፣ ከቶሩን መምጣቱና 9 ግሮሴቲ (የዚያ ዘመን ሳንቲም) መክፈሉ ተጽፏል። ይህችን መስመር ያገኛት ካርሎ ማላጎላ የተባለ ጣሊያናዊ የመዛግብት ሰው ሲሆን ጊዜው 19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ኮፐርኒከስ ጀርመን ነበር ወይስ ፖላንዳዊ የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ ይችን መስመር ሲጎትታት ኖሯል። ክርክሩ ከንቱ ነው። የማኅበሩ ደንብ የሚቀበለው አፍ መፍቻው ጀርመንኛ የሆነውን ሰው ነበር፤ የማን ንጉሥ ዜጋ ነህ ብሎ አይጠይቅም። ቶሩን ደግሞ ከ1466 ጀምሮ በፖላንድ ንጉሥ ሥር የነበረች፣ ነጋዴዎቿ ጀርመንኛ የሚናገሩ ከተማ ናት። መስመሯ የምትናገረው ስለ ማኅበርና ስለ ክፍያ ነው፤ ከዚያ አልፎ የዜግነት ማስረጃ ማድረግ ያላለችውን ማስባል ነው።

በ1501 ሕክምና ሊያጠና ወደ ፓዱዋ ሲሄድ ነገሩ ይለወጣል። በፓዱዋ የመግቢያ መዝገብ ውስጥ ስሙን አናገኘውም፤ ከዚያ ዘመን የተሟላ የተማሪዎች መዝገብ አልተረፈምና። ፓዱዋ መኖሩ የሚታወቀው ከጎን በመጡ ሰነዶች ነው። አንደኛው እሱ ያገለግልበት የነበረው የቫርሚያ ካቴድራል ካህናት ጉባኤ ሕክምና እንዲማር የሁለት ዓመት ፈቃድ የሰጠበት ቃለ ጉባኤ ነው። ሁለተኛው ሜይ 31 ቀን 1503 በፌራራ በቤተ ክርስቲያን ሕግ ዶክተር ሲሆን የውል ጸሐፊው ያዘጋጀው ሰነድ ነው፤ ሰውዬው ቀደም ሲል በቦሎኛና በፓዱዋ መማሩ እዚያ ተጠቅሷል። ፌራራ የተመረጠችው ወጪው ስለሚቀንስ ሳይሆን አይቀርም፤ በትላልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የምርቃት ድግሱና ስጦታው የተማሪን ኪስ ያራቁት ነበር። አንድ ቦታ ተምሮ ሌላ ቦታ መመረቅ በዚያ ዘመን የተለመደ ነው። የተማረበትን ከተማ ብቻ ፈትሾ «አልተመረቀም» ብሎ መደምደም በዚህ ሥራ በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው።

ለቀጣዩ ዘመን ግን ፓዱዋ ራሷ ዋናዋ ምንጭ ትሆናለች። በ1592 ፖላንዳውያኑ በራሳቸው ደንብ የቆመ ማኅበር አቋቋሙ፤ መዝገባቸውም ከ1592 እስከ 1745 ያለውን ይሸፍናል። ታሪክ ጸሐፊው ሄንሪክ ባሪች በ1970ዎቹ መጀመሪያ በመጽሐፍ መልክ ስላሳተመው ዛሬ ሥራው የሚጀመረው ከኅትመቱ መረጃ ጠቋሚ ነው። ይህን መዝገብ ሲያነቡ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። መጀመሪያ፣ «ፖሎኑስ» የሚለው ቃል የፖላንድና ሊቱዌኒያ መንግሥት ሰው ማለት እንጂ የዛሬውን የብሔር ትርጉም የያዘ አይደለም፤ የዛሬዎቹ ሊቱዌኒያ፣ ቤላሩስና ዩክሬን ልጆችም በዚያው ስም ይመጣሉ። ቀጥሎ፣ ፓዱዋን ይገዛ የነበረው የቬኒስ መንግሥት ዓመት የሚለወጠው ማርች 1 ነበር። ጃንዩዌሪ 1610 ተብሎ በቬኒስ አቆጣጠር የተጻፈ ሰነድ በዛሬው የአውሮፓ ስሌት ጃንዩዌሪ 1611 ነው። በሁለት የዘመን አቆጣጠር መኖር ለለመደ አንባቢ አዲስ ነገር ባይሆንም፣ ተማሪው ሳይመዘገብ የተመረቀ የሚመስለው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

በፖላንዶቹ ማኅበር መዝገብ ያልተገኘ ሰው ወደ ፈተናና ወደ ምርቃት ሰነዶች ይወሰዳል። ከፖላንድ መጥተው በፓዱዋ ሕክምና የተመረቁ አይሁዶች ምልክታቸው የሚገኘው በዚያ በኩል ነው። ከ1564 በኋላ የዶክተርነት ማዕረግ የሚወስድ ሁሉ በካቶሊክ እምነት እንዲምል የሮማው ጳጳስ ስላዘዙ ፕሮቴስታንቶች፣ ኦርቶዶክሶችና አይሁዶች ሌላ መንገድ ይፈልጉ ነበር። ቬኒስም በ1616 ይህን መሐላ የማይጠይቅ የራሷን ኮሌጅ ከፈተችላቸው። እንግዲህ የሰውዬውን ሃይማኖት ሳያውቁ ወደ መዝገብ ቤት መሄድ የተሳሳተ ሣጥን ማስከፈት ነው።

ከ1795 እስከ 1918 ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ አልነበረችም፤ ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ተካፍለዋታል። በዚያው ልክ በመዝገቡ የትውልድ አገር ዓምድ ላይ «ፖላንድ» የሚለውን ፈልጎ ማጣት የሚጠበቅ ነው። የዋርሶ ልጅ «ሩሲያ» ይባላል፣ የፖዝናን ልጅ «ፕሩሲያ»፣ የክራኮቭ ልጅ «ኦስትሪያ» ወይም «ጋሊሲያ» (የኦስትሪያ ድርሻ የሚጠራበት ስም)። ይህም ወደ ሌላ ስሕተት ይመራል፤ «ሩሲያ» ከሚለው ሥር ስሙ በ«ስኪ» የሚያልቀውን ሁሉ ለቅሞ ፖላንዳዊ ማለት። የስም ማለቂያ አያስተማምንም። ከተማው፣ ሃይማኖቱና ያጠናቀቀበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ላይ ሲታዩ ነው ፍርድ የሚሰጠው።

ለዚህ የክፍፍል ዘመን ሁለት ቦታዎች በሰነድ ሀብታም ናቸው። ዶርፓት፣ የዛሬዋ የኢስቶኒያዋ ታርቱ፣ በሩሲያ ግዛት ውስጥ ሆና በጀርመንኛ የምታስተምር ዩኒቨርሲቲ ነበረች፤ የዋርሶና የቪልኒየስ ዩኒቨርሲቲዎች ፖላንዳውያን በሩሲያ ላይ ካነሡት ከ1830ው አመፅ በኋላ ሲዘጉ ብዙ ፖላንዳውያን ወደዚያ ጎረፉ። ኋላ በባይካል ሐይቅ ጥናቱ የታወቀው ቤኔዲክት ዲቦቭስኪ እዚያ ተምሯል። የዶርፓት ጥቅሙ ከስም ዝርዝሩ ሌላ የተማሪው የግል ፋይል መትረፉ ነው። በኢስቶኒያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ ታርቱ፣ ፈንድ 402 በሚባለው ስብስብ ውስጥ ይገኛል። እንዲህ ዓይነት ፋይል ሲከፈት የመግቢያ ማመልከቻ፣ የጥምቀት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ አንዳንዴም የዲሲፕሊን ክስ ይወጣል። የጥምቀት ወረቀቱ የወላጆችን ስምና ደብሩን ስለሚይዝ፣ የአገር ቤቱ የደብር መዝገብ ተቃጥሎ ከሆነ ቦታውን የሚተካው እሱ ነው። ቀኖቹ በጁሊያን አቆጣጠር ናቸው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን 12 ቀን ይጨመርባቸዋል።

ሌላዋ የስዊዘርላንዷ ዙሪክ ናት። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ከ1833 እስከ 1924 ያለው ማትሪኩላ በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ቁጥር አለው፤ ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ፋኩልቲ እንደገባና መቼ እንደወጣ ተጽፏል። ሴቶችን ቀድማ ስለተቀበለች ከሩሲያ ግዛት የመጡ ሴቶች ተሰብስበውባት ነበር። የሩሲያ መንግሥት በ1873 ሴቶቹ ዙሪክን እንዲለቁ፣ ከ1874 መጀመሪያ በኋላ የቀረችም በአገሯ ፈተናም ሥራም እንደማታገኝ አስታወቀ። ስለዚህ በ1873 ድንገት የተቋረጠ የሴት መዝገብ ትምህርት ትታለች ማለት ላይሆን ይችላል፤ በርንን፣ ጄኔቭንና ፓሪስን መፈተሽ ግድ ነው። ሁሉም ግን አልወጡም፤ ፖላንዳዊቷ አና ቶማሼቪች እዚያው ቀርታ በ1877 በሕክምና ዶክተር ሆናለች፤ በኋላም ዋርሶ ውስጥ ሠርታለች። የሶሻሊስት መሪዋ ሮዛ ሉክሰምበርግም ከዙሪክ በ1897 ነው ዶክትሬቷን የወሰደችው፤ የጥናቷ ርእስ የፖላንድ ኢንዱስትሪ እድገት ሆኖ ሳለ በወረቀት የሩሲያ ዜጋ ነበረች።

አሁን ወደ ፍለጋው። ከመነሳት በፊት የሰውዬው ስም በሦስት አራት መልክ ይጻፍ። ያን በላቲን ዮአንስ፣ በጀርመንኛ ዮሐን ይሆናል፤ ይህ ቀላል ነው። ከባዱ ቮይቼክ ነው፤ በመዝገብ የሚመጣው አዳልበርቱስ ወይም አልበርቱስ ሆኖ ነው፣ በድምፅ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። ከተሞችም እንዲሁ ናቸው፦ ልቮፍ በላቲን ሌዮፖሊስ፣ በጀርመንኛ ሌምበርግ፤ ግዳንስክ ጌዳኑም ወይም ዳንዚግ፤ ቭሮትስዋፍ ቭራቲስላቪያ ወይም ብሬስላው። ቀጥሎ የታተመው እትም ይታያል፤ ስሙ ሲገኝ ግን በዚያ አይቆምም። አሳታሚዎች የክፍያውንና የኅዳጉን ማስታወሻ የሚያሳጥሩበት ጊዜ ስላለ የዋናው ገጽ ምስል ይጠየቃል። በምስሉ ላይ «ዴዲት» ካለ ከፍሏል፤ «ፓውፐር» ካለ በድህነት ምክንያት ክፍያው ተምሮለታል፤ «ኖን ዩራቪት» ካለ አልማለም፣ ብዙውን ጊዜ ለመሐላ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ስለሆነ። እዚህ ላይ የአሥር ዓመት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ ብሎ መደነቅ አያስፈልግም፤ አባቱ ወይም አስተማሪው ቀድሞ ያስመዘገበው ነው።

ለቤተ መዛግብቱ ሲጻፍ «ስለ አያቴ ያላችሁን ሁሉ ላኩልኝ» የሚል ደብዳቤ ብዙ ጊዜ መልሱ ይዘገያል ወይም የተከፋይ ፍለጋ ዋጋ ዝርዝር ይዞ ይመጣል። የስብስቡን ስም፣ የጥራዙን ቁጥር፣ የገጹን ወይም የተማሪውን መለያ ቁጥርና የሚፈለገውን ሰነድ ዓይነት ለይቶ መጻፍ ይሻላል። በብራና ጥራዞች የገጽ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ አንድ ቅጠል አንድ ቁጥር ይዞ ፊትና ጀርባ አለው፤ የትኛው እንደሆነ ካልተገለጸ የሚመጣው ምስል የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።