«የከፍተኛ ሙቀት ሱፐርኮንዳክተር» ምንድን ነው?

ሰሞኑን በሬዲዮ አንድ ተንታኝ ስለ ፊውዥን፣ ማለትም የአቶም እምብርቶችን በማዋሃድ ስለሚገኝ ኃይል ሲያስረዳ፣ «አዲሶቹ ማግኔቶች ከፍተኛ ሙቀት ስለሚችሉ መቶ ሚሊዮን ዲግሪ የሚሞቀውን ፕላዝማ ተቋቁመው ይይዙታል» አለ። ስሰማው የመጀመሪያዬ ቢሆን ባለፍኩት ነበር። ሥራዬ ግን እነዚህን ማግኔቶች መፈተሽ ነውና ዝም ማለት ከበደኝ።

ማግኔቱ ሙቀት አይችልም። የሚጠቀለለው ከሱፐርኮንዳክተር ነው፤ ማለትም በበቂ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ ከሚያስተላልፍ ቁስ። ሥራ ላይ ሲሆን ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቀዝቅዞ ነው። ከፕላዝማው፣ ማለትም እጅግ ከጋለው የነዳጅ ጋዝ፣ የሚርቀው ጥቂት ሜትር ቢሆንም፣ በመካከላቸው የኒውትሮን መከላከያ፣ የብረት ግድግዳና አየር የተመጠጠለት ክፍተት አለ። ፕላዝማውን የሚይዘው ማግኔቱ የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ ነው፤ የማግኔቱ ገላ አይነካውም።

«ከፍተኛ ሙቀት» የተባለው ከቀደምቶቹ ሱፐርኮንዳክተሮች ጋር ተነጻጽሮ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ካመርሊንግ ኦነስ በ1911 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በሆላንዷ ላይደን ከተማ የሜርኩሪ ሽቦ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች ተቃውሞ ሲያስተላልፍ ያየው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ላይ ነበር። በ1986 ተመራማሪዎቹ በድኖርዝና ሙለር ዙሪክ አጠገብ ባለው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ከዜሮ በታች 238 ዲግሪ ገደማ የሚሠራ ሴራሚክ አገኙ። በዓመቱ ሌላ ሴራሚክ ከዜሮ በታች 180 ደረሰ። ለእኛ ይህ «ሙቅ» ነው፤ በርካሹ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ይቻላልና።

እዚህ ላይ ያው ተንታኝ «እስከ 180 የሚሠራ ከሆነ ለምን እስከ 253 ታወርዱታላችሁ? ገና አልተሳካም ማለት ነው» ሊል ይችላል። ዋናው አለመግባባት ይኸው ነው።

አንድ የጭነት አህያ አስቡ። ጉልበቷን የሚበሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ፀሐይ፣ ዳገትና ጭነት። ፀሐይ የሙቀት መጠኑ ነው፤ ዳገት መግነጢሳዊ መስኩ፤ ጭነት በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ። ለአንዱ የሰጠችውን ለሌላው አታገኘውም። የድሮዋ ዝርያ፣ ኒዮቢየም ቲን (የኒዮቢየምና የቆርቆሮ ውህድ)፣ ጎህ ሳይቀድ ካልተነዳች አትሄድም፤ ዳገቱ ሲብስም ትቆማለች። አዲሷ፣ ሴራሚኳ፣ ቀትሩንም ችላ ትሄዳለች፣ ግን ባዶ ጀርባዋን፣ ሜዳ ላይ። እኛ የምንፈልገው ዳገቱን ነው። ስለዚህ እሷንም ማለዳ እንነዳታለን፤ ፀሐይን ለመቻል የነበራት ጉልበት ለዳገቱና ለጭነቱ ይተርፋል።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። ደቡብ ፈረንሳይ በሚገነባው ኢተር በተባለው የፊውዥን ሙከራ ማሽን፣ በኒዮቢየም ቲን ጥቅሎቹ ላይ የሚደርሰው መስክ 12 ቴስላ ገደማ ነው (ቴስላ የመስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው)። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲና ኮመንዌልዝ ፊውዥን ሲስተምስ የተባለው ኩባንያ መስከረም 2021 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የፈተኑት የሴራሚክ ማግኔት 20 ቴስላ ደረሰ፣ ያውም በዚያው 253 ቅዝቃዜ። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ መስኩ እጥፍ ቢሆን ከአንድ መጠን ማሽን የሚገኘው ኃይል 16 እጥፍ ይሆናል። ማሽኑን ማሳነስ የሚቻለው በዚህ ነው። በእርግጥ ማግኔቱን ሊበትን የሚገፋው ኃይልም መስኩ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ወሳኙ ደጋፊው ብረት ነው፤ ይህን ተንታኞች ሲያነሱት ሰምቼ አላውቅም።

የአህያዋ ምሳሌ የማይሠራበት ቦታም አለ። አህያ ስትደክም ታስታውቃለች። ሱፐርኮንዳክተር ግን አንድ ነጥብ ላይ ወሰኑን ሲያልፍ እዚያው በድንገት ተራ፣ ተቃውሞ ያለው ሽቦ ይሆናል፤ ይግላል። በኒዮቢየም ቲን ግለቱ በፍጥነት ስለሚዛመት መሣሪያችን ቶሎ ያየውና ኤሌክትሪኩን እናወጣለን። ሴራሚኩ ሙቀትን በተሻለ ስለሚታገስ ግለቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ፤ ቀሪው ማግኔት ደህና እየሠራ አንዷ ነጥብ ልትቃጠል ትችላለች። የኤምአይቲ ቡድን ያንኑ ማግኔት ሆን ብሎ ኤሌክትሪኩን በድንገት አቋርጦ ሲፈትነው አንድ ማዕዘኑ ቀለጠ። እነሱም የፈለጉት ወሰኑን ማወቅ ነበርና ያዩትን ሳይደብቁ አሳትመውታል። አሁን እኛ ቤተ ሙከራ ውስጥ አብዛኛውን ቀን የምናሳልፈው ያቺን ነጥብ ከመቃጠሏ በፊት የምናይበትን ዘዴ በመፈለግ ነው።