ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለው ጾም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ብንበላም ብንጠጣም ሁሉን ለእግዚአብሔር ክብር እንድናደርግ አዝዞናል (1ኛ ቆሮ. 10፥31)። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መታገሡን ብዙዎቻችን እናውቅበታለን። የሚጥለን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ባሕር ዳር ላይ ቅዳሴ ወጥቶ ከጊዮርጊስ ወደ አስፋልቱ ብቅ ሲሉ ቀድሞ የሚቀበለው የፓስቲ ሽታ ነው። በባዶ ሆድ ሦስት ፓስቲና ስኳር የበዛበት ሻይ ሲወርድ ነጩ ዱቄትና ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም ይገባል፣ ቶሎም ይከዳል፤ ለሠርክ ጸሎት መቆሚያው ሰዓት ላይ እንቅልፍ ይጫነናል። ውኃ አስቀድሙ፤ ከዚያ ሽሮ ወይም ምስር በእንጀራ፣ ሳይቻኮሉ።

በዓመት ከ180 ቀን በላይ የምንጾም ሕዝብ ነንና የጾም ወጥ አሠራር ትንሽ ነገር አይደለም። ቅቤው ቀርቶ ዘይቱ ከበዛ ምን ቀነሰልን? አንዱ የቡና ሲኒ 5 የሾርባ ማንኪያ ያህል ዘይት ይይዛል፣ 600 ካሎሪ ገደማ። ለአራት ሰው ሽሮ 3 ማንኪያ ይበቃል። ዘይቱ የሚበዛው ሽንኩርቱ ድስቱን ሲይዝና እኛ ስንደነግጥ ነው። እሳቱን ቀንሶ፣ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ማቁላላት፤ መያዝ ሲጀምር ውኃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል፤ ሲበስል ዘይቱን፣ ከዚያ በርበሬውን። ጨው መጨረሻ ላይ ይግባ፤ አዮዲኑ እሳት ላይ ሲቆይ ይቀንሳል። ለአንድ ሰው በቀን ከሁሉም ምግብ ተደምሮ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ መልካም ነው።

ዘጌ ቡናም ሎሚም ይሰጠናል፤ ሎሚውን ከማዕዱ ጋር፣ ቡናውን ለኋላ አድርጉት። የምስርና የጎመን ብረት (አይረን) ለሰውነት በቀላሉ አይሰጥም፤ ሎሚ ያግዘዋል፣ ቡናና ሻይ ይይዙታል። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፍ። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከእህል አይገኝም፤ በፍስክ ቀን እንቁላል፣ ወተት ወይም የጣናን ቀረሶ ዓሣ መብላት ያስፈልጋል፤ ቀረሶውም ዘይት ውስጥ ከሚጠለቅ ወጥ ቢሆን ይሻላል።

ስለ ጓያ ዝም ማለት አይገባም። በፎገራና በደምብያ በኩል ርካሽ ስለሆነ ለሽሮ ይገባል። ለሁለት ሦስት ወር ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፣ የተጎዳውም ነርቭ አይመለስም። ሌሊቱን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ቀቅሎም እንደገና መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ስለዚህ ሽሮው ባቄላና ሽምብራ ይብዛበት።

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ሕመምተኛ ከንስሐ አባታቸውም ከሐኪማቸውም ይማከሩ። ኤልያስን መልአኩ ቀስቅሶ ብላ ያለው መንገዱ ሩቅ ስለነበር ነው (1ኛ ነገ. 19፥7)። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ላብ ካጠመቀው ወይም እጁ ከተንቀጠቀጠ የደሙ ስኳር ወርዶ ሊሆን ይችላልና ዘጠኝ ሰዓትን አይጠብቅ፤ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያው ይጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገም።

ከ55 ቀን በኋላ በፋሲካ ሌሊት ደግሞ እናቶቻችን ተልባ የሚያስቀድሙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የደረቀ አንጀት ያለሰልሳል። ከዶሮው ወጥ ትንሽ፣ ክትፎው ለነገ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።