የሚነድ ጋዝ የያዘ ኤሲ ጥገና በባሕር ዳር

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቀትሩ ይጠብሳል። ጣና ዳር ባሉ ሆቴሎችና በባንኮች ኤሲ ብርቅ አይደለም። ማቀዝቀዝ ሲያቅተው ደግሞ የሁሉም ምርመራ አንድ ነው፦ «ጋዝ አልቆበት ነው፣ ይሞላ!» የኤሲ ጋዝ ግን እንደ ቤንዚን እየነደደ አያልቅም። ካነሰ የሆነ ቦታ አፍስሷል። ድሮ የሚፈሰው አር-22 የተባለ የማይነድ ጋዝ ስለነበር እሳት አያሰጋም ነበር። አሁን ግን እንደ ጋዙ ዓይነት ነው።

ለውጡ የመጣው በኦዞንና በአየር ንብረት ሰበብ ነው። አር-22 የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት እየቀረ መጣ። የተካው አር-410ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ምድርን በማሞቅ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,000 እጥፍ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደቀው የፕሮቶኮሉ የኪጋሊ ማሻሻያ እንዲህ ያሉት ጋዞች እንዲቀነሱ አደረገ። አሁን የሚመጡት አር-32 እና አር-290 ናቸው። አር-32 በመጠኑ ይነዳል፤ ሲቃጠል ደግሞ ሳንባ የሚጎዳ አሲድ ያወጣል። አር-290 ግን የለየለት ፕሮፔን ነው። የቡታጋዝ ዘመድ ማለት ነው፣ ያውም የተጣራ፤ ሽታ ስላልተጨመረበት አፍንጫ አያስጠነቅቅም።

ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል። ወለል ላይ ይተኛል፣ ወደ ምድር ቤትና ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ይወርዳል። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 38 ግራም ያህል ከገባ ለመቀጣጠል በቂ ነው። ስለዚህ 300 ግራም ብቻ የያዘ ኤሲ ወደ 8 ሜትር ኩብ የሚጠጋ አየር ሊያበላሽ ይችላል። የፈሰሰ ጋዝ የሚጠቁመው መሣሪያ (ዲቴክተሩ) ወለሉ አጠገብ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው።

ጥገናው ሲጀመር በር መስኮት ይከፈታል፤ ከጣና የሚነፍሰው አየር እዚህ ላይ ወዳጅ ነው። በኤሲው ዙሪያ ቢያንስ 3 ሜትር ድረስ እሳት አይኖርም። ሲጋራውን ሁሉም ያስታውሳል፤ የሚረሳው የቡናው ከሰል ነው። የሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ጀበናው ተጥዶ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ እዚያው ግድግዳ ላይ ኤሲ ይፈታል። ቡና የምታፈላዋን ልጅ «እቱ፣ ከሰሉን ትንሽ ውጭ አድርጊልን» ማለት የሥራው አንድ ክፍል ነው።

መብራትም ጣጣ አለው። ሲጠፋ «ጥሩ፣ ጠፍቷል» ተብሎ ክዳኑ ይፈታል። ግማሽ ላይ መብራት ይመጣና ሪሌው፣ ማለትም ኤሲው ውስጥ በራሱ የሚሠራው ማብሪያ፣ ጠቅ ይላል። ያቺ ጠቅታ የእሳት ብልጭታ ናት። ስለዚህ ብሬከሩ ወርዶ ይቆለፋል። ጋዝ ፈሷል ተብሎ ከተጠረጠረ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለ ማብሪያ ማጥፊያ አይነካም፤ ኃይሉ ከውጭ ይቋረጣል።

ጋዙ የሚሰበሰበው ለሚነድ ጋዝ በተሠራ ማሽን ነው፤ የተለመደው ማሽን ራሱ ሊጭር ይችላል። ቀጥሎ ቱቦው በናይትሮጅን ይታጠባል። ቧንቧው በመቁረጫ ይቆረጣል እንጂ ቀድሞ የመበየጃ ችቦ አይነካውም፤ ዘይቱ ውስጥ የቀረ ጋዝ ይኖራል። የግፊት ፍተሻም በናይትሮጅንና በሳሙና ውሃ ነው። ኦክስጅን አስገብቶ መፈተሽ ፈንጂ መሥራት ነው።

በቱቦው ውስጥ ያለው አየር በፓምፕ ሲመጠጥ፣ ማለትም ቫኪውም ላይ፣ ከተማዋ የራሷ ወጥመድ አላት። በባሕር ጠለል ላይ ባለችው ጅቡቲ ቢሆን የግፊት መለኪያው (የጌጁ) መርፌ 30 የሜርኩሪ ኢንች አካባቢ ድረስ ይወርዳል። እዚህ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ 24 አካባቢ ላይ ቀጥ ይላል። «ፓምፑ ደክሟል» ብሎ አዲስ መግዛት ኪሳራ ነው። ፍጹም ግፊት የሚለካ የማይክሮን ጌጅ ከፍታ አይሸውደውም፤ ከ500 ማይክሮን በታች ወርዶ ከረጋ ይበቃል።

አዲሱ ጋዝ የሚሞላው በሚዛን ነው፣ ኤሲው ላይ በተለጠፈው ምልክት በተጻፈው ግራም ልክ። በግምት መሙላት ለአር-22 መጥፎ ልማድ ነበር፣ ለፕሮፔን ግን አደጋ ነው።

አሮጌ የአር-22 ኤሲ ውስጥ ፕሮፔን መሙላትስ? ያቀዘቅዛል፣ እውነት ነው። ግን የዚያ ኤሲ ሪሌና ማብሪያ የሚነድ ጋዝ ታስቦ አልተሠራም፤ ምልክቱም አሁንም አር-22 ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው ጠጋኝ ያንን ምልክት አምኖ ችቦውን ይለኩሳል።