ሊሠራ የማይወድ አይብላ

እግሩን ዘርግቶ ምሳ የሚጠብቅ ጎረምሳ ባለበት ቤት ይህች አባባል አትጠፋም። ትርጉሟ ግልጽ ነው፦ እጅህን አጣጥፈህ የሌላውን ላብ አትብላ። ሥራ ያጣውን፣ የታመመውንና የደከመውን ሽማግሌ አትነካም። የምትገሥጸው ስንፍናን ብቻ ነው።

ምንጯ የጳውሎስ 2ኛ የተሰሎንቄ መልእክት ነው፤ ምዕራፍ 3 ቁጥር 10። ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር። በማንም ላይ ላለመክበድ ሌት ተቀን እንደለፋ እዚያው ጽፏል። ለእኔ የአባባሏ ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የምትይዘው ተናጋሪውን ነው።

ይህ ሲዘነጋ ምን እንደሚመጣ፣ ያኔ ከሜክሲኮ ትተዳደር በነበረችው ካሊፎርኒያ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1823 ድረስ የፍራንሲስካውያን (የካቶሊክ) መነኮሳት እዚያ 21 ሚሲዮኖች፣ ማለትም የስብከት ሰፈሮች፣ ተከሉ። ከሜክሲኮ ስንቅ ይዞ የሚመጣው መርከብ ስለማያዘወትር፣ ሚሲዮኑ የሚበላውን እዚያው ማምረት ነበረበት።

ንጋት ላይ ደወል ይደወላል። ከጸሎት በኋላ አቶሌ ይቀርባል፤ ከተቆላ ገብስ የሚሠራ፣ የእኛን አጥሚት የሚመስል ነው። ከዚያ ሥራ። ወንዶቹ ያርሳሉ፣ ከብት ያግዳሉ፣ ጭቃና ገለባ አቡክተው ጡብ ይሠራሉ፣ ቆዳ ያለፋሉ። ሴቶቹ ይፈጫሉ፣ ሱፍ ይፈትላሉ። ከከብቱ ሞራ ሻማና ሳሙና ይወጣል። ቀትር ላይ እህልና ባቄላ፣ ሲገኝም ሥጋ የገባበት ሾርባ ይበላል። ማታ እንደገና አቶሌ።

ይህን ሁሉ የሚሠሩት ቹማሽ፣ ቶንግቫና ሌሎች የአገሩ ነባር ሕዝቦች ነበሩ። አንዴ ከተጠመቁ ያለፈቃድ መውጣት የለም። የጠፋውን ሰው ወታደር አሳዶ ያመጣዋል፤ ይገረፋል። ያላገቡ ልጃገረዶች ማታ ተቆልፎባቸው ያድራሉ።

በ1810 የሜክሲኮ የነጻነት ጦርነት ሲነሣ የወታደሩ ደመወዝና ስንቅ ተቋረጠ። ያንን ወታደር መቀለብም በእነዚሁ ሰዎች ጫንቃ ላይ ወደቀ። በ1824 ሳንታ ኢኔስ በተባለው ሚሲዮን ውስጥ አንድ ወጣት ሲገረፍ ቹማሾች አመፁ። አመፁ ላ ፑሪሲማና ሳንታ ባርባራ ወደተባሉት ሚሲዮኖችም ደረሰ።

እነዚህን ሚሲዮኖች "ራሳቸውን የቻሉ" ብሎ ማሞገስ ስለዚህ አይዋጥልኝም። የቻሉት በሌላው ጉልበት ነው። በ1830ዎቹ የሜክሲኮ መንግሥት ንብረታቸውን ሲወስድ፣ ከመሬቱ ከፊሉ ለነባሮቹ እንዲሰጥ ታስቦ ነበር። አብዛኛው ግን የገባው በባለጸጋ ከብት አርቢዎች እጅ ነው። ሲያርሱት ከኖሩት ብዙዎቹ እዚያው መሬት ላይ የሰው ከብት ጠባቂ ሆነው ቀሩ።