የፊዚክስ ሽልማቶች ከጣና ዳር ሲታዩ

እዚህ ባሕር ዳር ፊዚክስ የሚማር ልጅን የሚያውቀውን ሽልማት ብትጠይቁት ኖቤል ይላችኋል። ከዚያ ወዲያ ዝም። ስለሌሎቹ በአማርኛ አንድ ላይ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ይህን አሰባሰብኩ። ይበልጥ ያተኮርኩት ሴቶችን፣ ጥቁሮችንና ከድሃ አገር የመጡ ተመራማሪዎችን ወደፊት በሚያመጡት ላይ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከኖቤል ልጀምር። ከ1901 ወዲህ የፊዚክሱን ኖቤል ከ220 በላይ ሰዎች ወስደዋል። ሴቶቹ አምስት ናቸው፦ ማሪ ኩሪ በ1903፣ ማሪያ ጎፐርት ማየር በ1963፣ ዶና ስትሪክላንድ በ2018፣ አንድሪያ ጌዝ በ2020፣ አን ሉዊሊየ በ2023። ከሁለተኛዋ እስከ ሦስተኛዋ 55 ዓመት ተቆጠረ። በፊዚክስ የተሸለመ ጥቁር እስካሁን የለም።

የማሪ ኩሪም ሽልማት ለጥቂት ነው የተረፈው። በዚያ ዓመት ከፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ የሄደው ጥቆማ ባሏን ፒየርንና ሄንሪ ቤክሬልን ብቻ የሚያነሳ ነበር። ሚታግ-ሌፍለር የተባለ ስዊድናዊ የሒሳብ ሊቅ ይህን አይቶ ለፒየር ነገረው። ፒየርም ሥራውን አብረን ነው የሠራነው፣ እሷም አብራኝ ትታይ ብሎ ጻፈ። ስሟ እንዲገባ ያ ደብዳቤ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

የጆስሊን ቤል በርኔልን ታሪክ ረዘም አድርጌ ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። በ1967 ካምብሪጅ ውስጥ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። የሬዲዮ ቴሌስኮፑን ከነእንጨቱና ከነሽቦው ከሌሎች ጋር ሆና በእጇ ነው የተከለችው። መሣሪያው በቀን ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ወረቀት ላይ መስመር ይጭራል፣ እሷ ደግሞ ያንን ሁሉ በዓይኗ ትለቅማለች። አንድ ቀን ከሌላው የማይመስል ትንሽ ጭረት አየች። ዝም ብላ አላለፈችውም። ምልክቱ በየ1.33 ሴኮንዱ ልክ እንደ ልብ ትርታ የሚመላለስ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ፑልሳር፣ ማለትም እየተሽከረከረ በየጊዜው የሬዲዮ ምልክት የሚልክ ኮከብ፣ የተገኘው እንዲህ ነው። በ1974 ኖቤሉ ለአማካሪዋ ለአንተኒ ሂዊሽና ለማርቲን ራይል ተሰጠ፣ እሷ አልተካተተችም። ተበድላለች የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እሷ ራሷ ግን ተማሪ ኖቤል የሚሸለመው በጣም ልዩ በሆነ አጋጣሚ ብቻ መሆን አለበት ብላለች። እኔ ተበድላለች ባይ ነኝ። በ2018 ልዩ የብሬክስሩ ሽልማት አገኘች፣ 3 ሚሊዮን ዶላር። ገንዘቡን በሙሉ ለብሪታንያው የፊዚክስ ተቋም ሰጠችው። ዛሬ በፊዚክስ ውስጥ ቁጥራቸው ያነሰ ወገኖች በዚያ ገንዘብ ዶክትሬታቸውን ይማራሉ።

ቻይና ተወልዳ አሜሪካ የሠራችው የፊዚክስ ሊቅ ቺየን-ሺዩንግ ዉም እንዲሁ ናት። ተፈጥሮ ግራና ቀኝን ሁልጊዜ እኩል እንደማታይ ያሳየውን ሙከራ የሠራችው እሷ፣ የ1957ቱን ኖቤል የወሰዱት ሐሳቡን ያቀረቡት ሁለት ወንዶች። በ1978 ግን እስራኤል ውስጥ የሚሰጠው የዎልፍ ሽልማት የመጀመሪያው የፊዚክስ ተሸላሚ እሷ ሆነች።

የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር በኤድዋርድ ቡሼ ስም የሚሰጠው ሽልማት አለው። ቡሼ በ1876 ከየል በፊዚክስ ዶክትሬት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ይኸው ማኅበር በ2012 የሳካሮቭን ሽልማት ለእኛው ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ ሰጥቷል። ሽልማቱ ለሰብአዊ መብት የቆሙ ሳይንቲስቶች የሚከበሩበት ነው። ሙሉጌታ በደርግ ጊዜ ለዓመታት ታስሯል፣ እዚያው እስር ቤት ውስጥ ለእስረኞች ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ለእኛ ግን በጣም የሚቀርበው በ1998 የተጀመረው የሎሬያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ነው። በየዓመቱ ከአምስት የዓለም ክፍሎች አምስት ሴቶች ይመረጣሉ፣ ከ2003 ወዲህ አንድ ዓመት ለሕይወት ሳይንስ፣ አንድ ዓመት ለፊዚክስና ለመሰሎቹ ነው። በ2014 ያሸነፈችው ሰገነት ቀለሙ የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት፣ በደብረ ማርቆስ መንገድ ሄዳችሁ የምታገኟት ፍኖተ ሰላም። ፊዚክስ አይደለም ሥራዋ፣ በመኖ ሣር ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ የጎጃም ልጅን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ከእሷ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2013፣ የተሸለመችው ናይጄሪያዊቷ የፊዚክስ ሊቅ ፍራንሲስካ ኦኬኬ ናት። ያጠናችው ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በማግኔታዊው የምድር ወገብ አቅጣጫ ስለሚፈሰው የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። ያ ጅረት የሚያልፈው በኢትዮጵያም ሰማይ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ክፍል ከጎጃሙ የቅኔ ቤት ጋር ስም የሚጋራ ዋሸራ የሚባል የሕዋና የራዳር ቤተ ሙከራ አለው፣ እዚያ የሚጠናውም ይኸው ሰማይ ነው። በተለይ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ፀሐይ ጠልቃ የጣና ዳር መብራቶች ሲበሩ፣ ቀን ሙሉ በስክሪኑ ላይ ለጥ ብሎ ሲሄድ የዋለው የጂፒኤስ ምልክት መስመር ድንገት ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ፈረንጁ አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል። የእኛ ልጆች ከዶርም በእግራቸው ነው የሚደርሱበት።

በታዳጊ አገሮች ላሉ ወጣት ሴት ተመራማሪዎች የሚሰጠው የኦደብሊውኤስዲ (የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት) እና የሳይንስ አሳታሚው የኤልስቪር ሽልማትም አለ። በ2015 ተራው የፊዚክስና የሒሳብ ነበር፣ ካሸነፉት አንዷ የካርቱሟ ነሽዋ ኢሳ ናት። ጨረጨራ ግድብ ላይ ከጣና የሚወጣው ውኃ የሚደርስበት ከተማ ማለት ነው።

እነዚህን ሽልማቶች አብዛኞቹን ራስህ አመልክተህ አታገኝም፣ ጠቋሚ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ የጥቆማ ደብዳቤ ስንጽፍ ሦስት ምሽት ፈጅቶብናል። ስለ ሳይንሱ መጻፉ ቀላል ነበር። የከበደን በአምስት ሰው ስም የወጣ ጥናት ላይ የእሷ የሆነውን ለይቶ ማውጣቱ ነው። እሷ ራሷ "ኧረ አብረን ነው የሠራነው" እያለች ታሰርዘናለች። በመጨረሻ መረጃውን ሌሊት ሌሊት ቁጭ ብላ የለቀመችው እሷ መሆኗን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍንና እንዳታጠፋው ኮምፒውተሩን ከፊቷ ወሰድነው።