የጥቁሮች ኮሌጆች ግራንት ምንድን ነው?

ባለፈው ሲልቨር ስፕሪንግ የምረቃ ድግስ ላይ አንድ ጋሼ የልጁን እናት ሲመክሩ ሰማሁ፤ «የጥቁሮች ኮሌጅ አስገቢው እንጂ! መንግሥት ግራንት ይሰጣቸው የለ? በነፃ ነው እኮ!» እንዲህ ያለ ኮሌጅ ውስጥ የግራንት ሒሳብ ስይዝ የምውል ሰው ነኝና ጉርሻዬ አነቀኝ።

ጋሼ፣ ለተማሪው የሚሰጠው ፔል የሚባለው የፌዴራል መንግሥት ዕርዳታ ነው፤ የቤተሰብ ገቢ ታይቶ ይሰጣል፣ ልጁ በፌዴራል ዕርዳታው የታቀፈ የትኛውም ኮሌጅ ቢገባ ይከተለዋል። ታይትል ስሪ የሚባለው የጥቁሮች ኮሌጆች ግራንት ግን ለተቋሙ ነው። የ1965ቱ (በፈረንጆች) የከፍተኛ ትምህርት ሕግ የሚያየው ኮሌጁ ከ1964 በፊት፣ በዋናነት ጥቁር አሜሪካውያንን ለማስተማር መቋቋሙን ነው። የዛሬውን ተማሪ ቀለም አይጠይቅም። ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ብሉፊልድ ስቴት አብዛኛው ተማሪው ነጭ ነው፤ ከዝርዝሩ ግን አልወጣም። ዋሽንግተን ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ኮንግረስ በየዓመቱ በስሙ በጀት ይይዝለታል።

የታይትል ስሪን ገንዘብ እንደ እድር ሣጥን እዩት። ሞልቷል ተብሎ ለሠርግ አይወጣም። ለቤተ ሙከራ መሣሪያ፣ ለሕንፃ እድሳት፣ ለመጻሕፍት፣ ተማሪ ለማስጠናት ይሆናል። የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ቢያፈስ ግን አንዲት ቆርቆሮ አይገዛበትም፤ ሕጉ ለአምልኮ ከልክሏል። ዕቃውም እንደ እድር ድንኳንና ብረት ድስት ቁጥር አለው፤ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ እየዞርን እንቆጥራለን። ባለፈው ቆጠራ አንዱን ማይክሮስኮፕ መጋዘን ውስጥ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር፣ ቁጥሩ ግማሹ ተልጦ አገኘነው። (ከግራንቱ እስከ 20 በመቶ ለቋሚ ፈንድ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ኮሌጁ ያንኑ ያህል ከሌላ ቦታ ካመጣ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ይታወቅልኝ።)

ከእድር የሚለየው መዋጮው ላይ ነው። በ1890 ሕግ የታቀፉት የጥቁሮች የእርሻ ኮሌጆች ለምርምርና ለኤክስቴንሽን (ገበሬውን ለማስተማር) ከፌዴራል የሚያገኙትን ያህል ግዛቱም እንዲያዋጣ ሕጉ ያዛል፤ ግን በዌቨር (በልዩ ፈቃድ) እስከ ግማሹን ማስቀረት ይፈቀዳል። ግዛቱ በሚመድበው መደበኛ በጀትም እንዲሁ ይጎድልባቸዋል። በ2023 የትምህርትና የግብርና ሚኒስትሮች ለ16 ገዢዎች ደብዳቤ ጻፉ፤ እነዚህ ኮሌጆች በ1862 ሕግ ከተቋቋሙት ሌሎቹ የእርሻ ኮሌጆች ጋር በነፍስ ወከፍ ተማሪ እኩል ቢመደብላቸው ኖሮ ከ1987 እስከ 2020 ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተጨማሪ ያገኙ ነበር። ቴኔሲ ስቴት ብቻውን የቀረበት 2.1 ቢሊዮን ነው። በእድር መዋጮ ያልከፈለ ራሱ ይሰረዛል፤ እዚህ ግዛቱ ባይከፍል የሚጎዳው ኮሌጁ ነው።

የልጁ እናት ግን ፋፍሳውን (የፌዴራል ዕርዳታ ማመልከቻ ቅጹን) በጊዜ ይሙሉ። ፔል የሚገኘው በሱ ነው።