ችሎታ፣ አቅም፣ ክህሎት፣ ብቃት፦ የቱ የት ይገባል?

ሐዋሳ ውስጥ በየሥራ ማስታወቂያው እነዚህ ቃላት እየተቀያየሩ ይጻፋሉ። አንድ ግን አይደሉም።

አቅም ልክ አለው፤ በብር፣ በኩንታል፣ በጉልበት ይለካል። «አይሱዙው 50 ኩንታል የመጫን ችሎታ አለው» አይባልም፤ ዕቃ ያለው አቅም ነው። የቤት ኪራይ ያቃተውም ያጣው የመክፈል አቅም ነው።

ክህሎት በልምምድ ይመጣል። በሐዋሳው የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ዓሣ የሚበልተው ልጅ የቆሮሶ ዓሣውን ሥጋ ሳያባክን ከአጥንቱ የሚለይበት እጅ ክህሎት ነው። መዛኝ በመስፈርት አይቶ ካጸደቀለት ብቃቱ ተረጋገጠ ይባላል። መንጃ ፈቃድም በሕግ ስሙ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ነው። ተሰጥኦ አብሮ የሚወለደው ነው፤ በሥልጠና ይዳብራል እንጂ አይገኝም።

ሰው በጣም የሚምታታበት ግን ውል ላይ ያለው «ችሎታ» ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1678 ተዋዋዮች ችሎታ ይኑራቸው ሲል ስለ ሙያ አያወራም፤ ሕጋዊ ተግባር ለመፈጸም ስለ መቻል ነው። ጎበዝ ልብስ ሰፊ የሆነ የ17 ዓመት ልጅ፣ በሕግ ከአሳዳጊ ሥልጣን ነጻ ካልወጣ በቀር፣ ቤት ሽጦ ብቻውን ቢፈርም ውሉ ሊፈርስ ይችላል። እዚያ ጋ የሥልጠና ሠርተፍኬት ማሳየት ዋጋ የለውም።